ከመሬት ሁለት ጣት

ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ይለዋል። ስሙ የመጣው አንገቱ ላይ ከምትንጠለጠለው ቢጫ የመለኪያ ሜትር ነው። መጋረጃ ሰፊ ነው። ሜትሯን የሚያወልቃት ሲተኛ ብቻ ነው፤ ሚስቱ እንደምትለው ከሆነ ያንንም አልፎ አልፎ ይረሳል። ስሙ ግን አንድ ጉድ አለበት። ጋሽ ሜትር ከአንድ ሜትር በላይ አይወጣም።

ቀልድ አይደለም። የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ላይ ሲቆም ደህና ሰው ነው፤ ይጫወታል፣ ከእሱ በፊት የነበረውን ሰፊ ስፌት ያማል። ሁለተኛው ላይ ዝም ይላል። ሦስተኛው ላይ ሰውነቱ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያምፃል። መዳፉ ውሃ ያፈልቃል፤ ቧንቧ ቢገጠምለት ሰፈሩን የሚያጠጣ ውሃ። ጉልበቱ ቄጤማ ይሆናል። ጆሮው ጭው፣ ዓይኑ ብዥ ይላል። ልቡ ከደረቱ ተነስቶ ጉሮሮው ላይ ይቀመጥና እንደ ፖሊስ በር ይደበድባል። ሆዱ ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ መሬት ይወርድና «ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ይለዋል።

እንግዲህ መጋረጃ የሚሰቀለው ጣሪያ ሥር ነው። ከፍታ የሚፈራ ሰው ከስንቱ ሥራ መርጦ መጋረጃ ሰፊ ሲሆን ውሃ የሚፈራ ሰው ዓሣ አጥማጅ እንደሆነ ቁጠሩት። ጋሽ ሜትር ራሱም አይክደውም። «ሙያውን ስማር ስፌቱን ነው ያሳዩኝ» ይላል፤ «የሚሰቀልበትን ቦታ የጠቆመኝ የለም።»

ሠላሳ ዓመት የሸፈነችለት ሚስቱ ናት። በተጋቡ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ደንበኛ ሳሎን ውስጥ መሰላሉን ከሩቅ አገር እንደመጣ ዘመድ አቅፎ አገኘችው። ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገችና «ውረድልኝ፣ እኔ ልስቀለው» አለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እሷ ትሰቅላለች። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከታች ትእዛዝ ይሰጣል። «ወደ ቀኝ ትንሽ! በቃ! ቀለበቱን ቁጠሪ!» ደንበኞች ያዩና «እንዴት ያለ ኩሩ ባለሙያ ነው፤ መሰላል እንኳ አይነካም» ይላሉ። ሚስቱ ከላይ ሆና «አዎ፣ ኩራቱ አያስጠጋም» ትላለች፤ ሳቋን ስታፍን የመጋረጃው ዘንግ ይንቀጠቀጣል። ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ «የኔ ንስር፣ እራት ቀርቧል» ትለዋለች።

አንድ ልጃቸው ያደገችው ይህንን እያየች ነው። አባት ይለካል፣ እናት ትሰቅላለች፤ የዓለም ሥርዓት መስሏት ነበር። አባቷ ሊፈራ ይችላል ብላ አስባ አታውቅም፤ ገና በትንሽነቷ ለጎረቤት ልጆች «የኔ አባት ምንም አይፈራም» ስትል ሰምቷታል። እንዲህ ያለ ካባ ትከሻው ላይ ሲደረብለት አውልቆ የሚመልስ ማን ነው? ጋሽ ሜትርም ለበሰው። ካባው ከብዶት አያውቅም ነበር፤ ልጅቱ የክሬን ኦፕሬተር ይዛ እስክትመጣ ድረስ።

ካሉት ወንዶች ሁሉ የክሬን ኦፕሬተር! ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ የሥራ ቦታው ግን ሰማይ ነው። ከሠርጉ አንድ ወር በፊት ልጅቱ አባቷን ወደ አንድ ጅምር ሕንፃ ይዛው ሄደችና «ያውልህ!» ብላ ወደ ላይ ጠቆመች። ጋሽ ሜትር ቀና አለ። ደመናው አጠገብ የመስታወት ሣጥን አየ፤ ከሣጥኑ ውስጥ እጅ ሲውለበለብ አየ። እሱ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሁለት እግሩ አፈር ውስጥ ተተክሎ፣ በሰው ከፍታ ራሱ ዞረ። አጥሩን ተደገፈና በደረቀ ከንፈሩ «ምነው ሌላ ሥራ ቢፈልግ? እኔ ይህን ሰው ማየት አልችልም» አለ።

ማለት የፈለገው ማየት አልችልም ነው። ቀና ብዬ ማየት አልችልም፣ ካየሁ እወድቃለሁ። ልጅቱ የሰማችው ግን ሰው ሁሉ እንዲህ ሲባል የሚሰማውን ነው። ፊቷ ጥቁርቁር አለ። ሠርጉ ተሠርጎ፣ ጋሽ ሜትር አማቹን አቅፎ ስሞ እንኳ ያቺ ዓረፍተ ነገር በመካከላቸው ተቀምጣ ቀረች።

ሙሽሮቹ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራዩ። እናትየዋ ወዲያው ሄዳ መስኮቱን ለካች። ጋሽ ሜትር በዕድሜው ሰፍቶት የማያውቀውን መጋረጃ ሰፋ፤ እጥፋቱ እንደ መስመር የቀና፣ ጠርዙ በእጅ የተሰፋ። ከዚያ አጣጥፎ የሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። አንድ ቀን ወገቡን አመመው። ሌላ ቀን የሆቴል ሥራ መጣበት። ሌላ ቀን መጋረጃው መተኮስ አለበት አለ፤ አራት ጊዜ ተኮሰው። እንዲህ እንዲህ ሲል ሰባት ወር ሞላ። በሰባተኛው ወር፣ ማክሰኞ ቀን ልጅቱ ደወለች።

«አባዬ፣ ለቅዳሜ ሌላ መጋረጃ ሰፊ ጠርቻለሁ።»

«ምን?»

«የመጋረጃ ሰፊ ልጅ ሆኜ ሰባት ወር መስኮቴ ላይ ጋዜጣ ለጥፌ ኖርኩ። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ዜና እያነበበ ነው ሻይ የሚጠጣው። ባሌን ካልወደድከው ንገረኝ። ቤቴ መምጣት ካልፈለግክ ንገረኝ። ብቻ ወገቤን አትበለኝ።»

«ሰውየው ይቅር። እኔ እመጣለሁ።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ ጠዋት።»

«ካልመጣህ ሁለተኛ አልጠራህም፣ አባዬ። አልቀየምህም፤ ግን አልጠራህም።»

ስልኩን ሲያስቀምጥ እጀታው በላብ ርሶ ነበር። ዘጠኝ የሚለው ቁጥር ብቻውን እንዲህ ካደረገው ፎቁ ምን ሊያደርገው ነው? ሚስቱን ቀና ብሎ አያት። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ አብሬህ አልሄድም። እኔ ካለሁ መሰላሉን አይተህ ወደ እኔ ትጠቁማለህ። ሂድና ራስህ ንገራት።»

«ምን ብዬ? አባትሽ ሠላሳ ዓመት እናትሽን መሰላል ላይ ሰቅሎ ከታች ሲፎክር የኖረ ነው ልበላት?»

«አዎ፣ እንደሱ በላት። አሳጥረህ ነው እንጂ።»

በማግሥቱ ጎረቤታቸው ወደሆነችው ነርስ ሄደ። «አንድ ደንበኛ አለኝ» ብሎ ጀመረ፤ «ምስኪን፣ ከፍታ ይፈራል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል…»

«ደንበኛህ እጁን ሱሪው ላይ የሚጠርገው ለምንድን ነው?» አለች ነርሷ።

ጋሽ ሜትር እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ነርሷ ሳቀችና በደንብ አስረዳችው። ሰውነትህ ጠላትህ አይደለም፣ ሊያድንህ ነው እንዲህ የሚራወጠው፣ አትቆጣው አለችው። በአፍንጫህ እስከ አራት እየቆጠርክ አየር ሳብ፣ በአፍህ እስከ ስድስት እየቆጠርክ ልቀቅ። ጉልበትህ ሲከዳህ የጭንህን ጡንቻ ጨምቀህ ያዝና ልቀቅ። ራስህ ሲዞር ዓይንህን ቅርብ ያለና የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ትከል። ደግሞም በአንዴ አይደለም፣ በትንሽ በትንሹ ተለማመድ፤ ወር፣ ሁለት ወር…

«ሦስት ቀን ነው ያለኝ» አለ ጋሽ ሜትር።

«ያለው ማለትህ ነው» አለች ነርሷ።

ረቡዕ ዕለት ጥቅል ጨርቅ ላይ ወጥቶ ቆመ። ጥቅሉ ከጉልበት በታች ነው፤ ሲወርድ ግን ተራራ እንደወጣ ሰው ግንባሩን ጠረገ። ሐሙስ የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። እዚያ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ፉ… ሲል አንዲት ደንበኛ ገብታ አገኘችው። «አምፖሉን ላጠፋ ነው» አላት። አርብ ዕለት የመሰላሉ ሁለተኛ እርከን ላይ እስከ አራት ቆጥሮ አየር ሳበና ከድንጋጤ የተነሳ መልቀቁን ረሳው። ሚስቱ ጀርባውን ባትመታው ኖሮ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ጣሪያ ላይ በቀረ ነበር፤ ጣሪያውም ቢሆን ከፍታ ነው።

ቅዳሜ መጋረጃውን በትከሻው ተሸክሞ ሕንፃው በር ላይ ደረሰ። ሊፍቱ በሩን ከፍቶ ጠበቀው። ጋሽ ሜትር አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ ተመለከተና ወደ ደረጃው ዞረ። በላይ በኩል የተንጠለጠለ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ ከመጋረጃ ሰፊ በላይ የሚያውቅ የለም።

ደረጃው ግን የባሰ ነበር። መደገፊያው በብረት ዘንጎች መሃል ወደ ታች የሚያሳይ ነው፤ ያንን የፈለሰፈው ሰው የጋሽ ሜትርን ነገር ቀድሞ ሰምቶ ይመስላል። ግድግዳውን ተለጥፎ ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ መዳፉ ፈለቀ። አራተኛው ላይ ጆሮው ጭው አለ። «ሳብ፣ አንድ፣ ሁለት… አንተ ሰውዬ፣ ሕፃናት በሩጫ የሚወጡት ደረጃ ነው እኮ!» ራሱን ተቆጣ፤ ሰውነትህን አትቆጣው የተባለው ትዝ ሲለው ደግሞ ራሱን ይቅርታ ጠየቀ። ስድስተኛው ላይ ጉንጩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጭኑን ሲጨምቅና ሲለቅ አንዲት ፌስታል የያዘች ሴትዮ ከላይ ወረደች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ?»

«ቀለሙን እያየሁ ነው።»

«የቱን ቀለም?»

«የግድግዳውን። ጥሩ ቀለም ነው።»

«እንዲህ ተጠግተው?»

«ዓይኔ ደካማ ነው።»

ሴትዮዋ እሱንም ግድግዳውንም አየች፤ እሷም ግድግዳውን ነካ አድርጋ ወረደች።

ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ሸሚዙ ከገላው ጋር አንድ ሆኖ ነበር። ልጅቱ በሩን ከፈተችና «አባዬ! መጣህ!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከኋላዋ አማቹ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆሟል። «እንኳን ደህና መጡ» አለ፤ ከዚያ በላይ አልደፈረም።

«ና፣ ና! መጀመሪያ ይህን እይልኝ!» አለች ልጅቱ እጁን እየጎተተች። «አንተ ትመጣለህ ብለን ጋዜጣውን በሙሉ ላጥነው!»

ሳሎኑ መስኮት የለውም። መስኮቱ ነው ሳሎን ያለው። ከጣሪያ እስከ መሬት መስታወት፣ ከመስታወቱ ማዶ ከተማው ሁሉ። ከታች ክብሪት የሚያክሉ አውቶቡሶች፣ ጤፍ የሚያክሉ ሰዎች። የጋሽ ሜትር ሰውነት የሦስት ቀን ትምህርቱን በአንዴ ጥሎ ሸሸ። ሆዱ ያለ ሊፍት ምድር ወረደ። ጉልበቱ ተከተለ። ጋሽ ሜትር መጋረጃውን እንደታቀፈ በጉልበቱ ወረደና ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ።

«አባዬ! ምን እየሆንክ ነው?»

«ልለካ ነው» አለ ድምፁ ከወለሉ ሸክላ ጋር እየተጋጨ። «መጋረጃ የሚለካው ከመሬት ነው።»

«እናቴ ለክታለች እኮ።»

«እናትሽ… ላረጋግጥ ነው።»

«ዓይንህን ጨፍነህ?»

«ልምድ ነው።»

ማንም አልሳቀም። አማቹ ቀስ ብሎ «ተይው» ሲላት ተሰማ፤ «አልመቸናቸውም። እኔ ትንሽ ወጣ ልበል።» ጫማው ወደ በሩ ሲራመድ ጋሽ ሜትር በወለሉ በኩል ሰማው። ልጅቱ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። ድምፅዋ ተሰብሯል።

«አባዬ፣ ሰባት ወር ጠብቄህ፣ ቤቴን እንኳ ማየት አትችልም?»

«ማየት አልችልም» አለ።

ይህን ጊዜ ራሱን ሰማው። ያችው «ማየት አልችልም» ናት። ያኔ አጥሩን ተደግፎ የተናገራትን አሁን ገና በልጁ ጆሮ ሰማትና ፊቱ ከላቡ በላይ ጋለ።

«ቁሙ!» ብሎ ጮኸ፤ ራሱ ግን አልቆመም። «ልጄ፣ አትውጣ! እፈራለሁ!»

«ማንን?» አለች ልጅቱ ደንግጣ።

«መስኮቱን!»

«መስኮቱ ምን ሆነ?»

«ከፍታ ነዋ! ከፍታ እፈራለሁ! ከመሰላል ሦስተኛ እርከን በላይ ወጥቼ አላውቅም፤ እናትሽን ጠይቂያት፣ ሠላሳ ዓመት የወጣችልኝ እሷ ናት። ያን ቀንም ባልሽን ማየት አልችልም ያልኩት ቀና ስል ራሴ ዞሮ ነው። እሱን እኮ አይደለም፤ እሱ ያለበትን ነው። እሱማ መሬት ላይ ሲሆን ቀኑን ሙሉ ባየው አልጠግብም!»

ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች። ሳቋ ጉልበቷን ነሳትና እሷም ወለሉ ላይ ተዘረገፈች። «የኔ አባት! ምንም የማይፈራው አባቴ!» እያለች እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ የትኛው እንባ የሳቅ፣ የትኛው የሰባት ወር እንደሆነ አልለየም።

አማቹ ተመለሰና ከፊቱ ተንበረከከ። «እኔ እኮ ስምንት ወር ሙሉ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስማር ነበር።»

«ለምን?»

«ለእርስዎ ብዬ ነዋ። ዝቅ ያለ ሥራ ልያዝ ብዬ።»

«በል ተወው» አለ ጋሽ ሜትር ግንባሩን ሳያነሳ። «አሁን ሁለታችሁም ተባብራችሁ መሬት አውርዱኝ።»

ልጅቱ ሸክላውን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገችው። «አባዬ፣ መሬት ላይ ነህ እኮ።»

ጋሽ ሜትር አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሸክላ ነው፣ ግራጫ፣ ቀዝቃዛ። በሥራ ዘመኑ በሞላ ደብተሩ ላይ «ከመሬት ሁለት ጣት» እያለ ሲጽፍ ኖሯል፤ መጋረጃ ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ ካላለ አቧራ ይጠርጋል። ያ መሬት ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

«ይሄ መሬት አይደለም» አለ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሰው ጣሪያ ነው!»

«ለታችኞቹ ጣሪያ ነው። ለኔ መሬት ነው። በየቀኑ እጠርገዋለሁ።»

አማቹ በዚህ መሃል መሰላሉን አምጥቶ፣ መጋረጃውን ከእቅፉ ቀስ አድርጎ ወስዶ ላዩ ላይ ወጥቷል። ለእሱ መሰላል ማለት የምድር ቤት ነው። ጋሽ ሜትር ግንባሩን ሳያነሳ በጆሮው ተከታተለ። ቀለበቱ ሲንሸራተት ሰማ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራተኛው አልተሰማም። ዓይኑን ገለጠ። ሁለት እጥፋት አንድ ቀለበት ውስጥ ታጭቀዋል! አራት ጊዜ የተተኮሰው ጠርዝ በግራ በኩል ወለል ይጠርጋል፣ በቀኝ በኩል ስንዝር ተንጠልጥሏል።

«አንተ! ቀለበት ዘለልክ!»

«የቱን?»

«አራተኛውን! ደግሞ ዘጠነኛውን! መጋረጃ ነው የምትሰቅለው ወይስ የታጠበ ልብስ? መልሰው! ወደ ቀኝ! በራስህ ቀኝ አይደለም፣ በኔ ቀኝ!»

«እርስዎ እኮ ተኝተው ነው ያሉት፣ ቀኝዎ የት እንደሆነ በምን ልወቅ?»

«ይኸው!» አለ ጋሽ ሜትር። ሜትሯን ከአንገቱ መዠረጣት። መጀመሪያ ተንፏቀቀ፣ ከዚያ ተንበረከከ፣ ከዚያ አንድ እጁ መሰላሉን፣ አንድ እጁ ጠርዙን ይዞ መስታወቱ አጠገብ ደረሰ። ጎተተ፣ ለካ፣ ተቆጣ፣ እጥፋቱን አንድ በአንድ በጣቱ አሰመረ። ሁለት ጣቱን ከጠርዙ በታች አስገባ፤ ልክክ አለች። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አየው። ልጅቱ ትንፋሿን ውጣ ስታየው ቆይታ አላስቻላትም።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «ቆመሃል።»

«ባትነግሪኝ ምን ነበረበት!» አለና ጉልበቱ ከዳው። ደግነቱ መጋረጃው ተዘግቷል። ወንበር አቀረቡለት። እስከ አራት ሳበ፣ እስከ ስድስት ለቀቀ፤ በዚህኛው ጊዜ መልቀቁን አልረሳም። ከዚያ በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ቤት ሻይ ጠጣ።

ዳነ እንዳይባል። አሁንም በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት ግድግዳ ተለጥፎ ዘጠኝ ፎቅ ይወጣል፣ አሁንም ርሶ ነው የሚደርሰው፤ ልጅቱ ፎጣ በር ላይ ትሰቅልለታለች። የነርሷን «በትንሽ በትንሹ» ግን በራሱ ዕቃ ነው የሚለማመደው። ሲገባ መጋረጃው ዝግ ነው። ሲኒው ሲቀርብ ልጅቱ ጠርዙን ትይዝና ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ ስንት ልክፈተው?»

«ስንዝር።»

«ባለፈውም ስንዝር ነበር እኮ።»

«ባለፈው ደመና ነበር። ምንም ስላልታየ አይቆጠርም።»

«እሺ፣ ስንዝር» ትልና የራሷን ቀጭን ጣቶች ትዘረጋለች። አማቹ ከሶፋው ላይ «በእኔ ይለካ!» ብሎ አካፋ የሚያክል መዳፉን ይዘረጋል። ጋሽ ሜትር «አንተ አርፈህ ተቀመጥ!» ይልና አንድ እጁ ወንበሩን እንደጨበጠ የሌላኛውን ስንዝር ዘርግቶ ወደ መጋረጃው ያነሳል። በማን ስንዝር እንደሚለካ እስኪስማሙ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ልጅቱም ሌላ ትቀዳለች።